ሃይድሮጅኑ ለማሳ እንጂ ለአምፖል አይሁን

ከኖርዌይ ምዕራባዊ ዳርቻ ወጣ ብሎ ባሕር መሐል ኡትሲራ የምትባል፣ ሁለት መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት ደሴት አለች። በ2004 እ.ኤ.አ. ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ እዚያ ለ10 ቤቶች ብቻ አንድ ሙከራ ጀመረ። ነፋሱ ሲበረታ ከተርባይኖቹ የተረፈው ኃይል ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለይ ነበር፤ ሃይድሮጅኑ ታምቆ ታንክ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ነፋሱ ሲቆም ሞተሩ ያንኑ ሃይድሮጅን እያቃጠለ ቤቶቹን ያበራ ነበር። ነፋስ ጨርሶ ባይነፍስ እንኳ ሁለት ቀን ያህል ያዘልቅ ነበር። የሠራ ነገር ነው፤ አደንቀዋለሁ።

እኛ አገር ስለ ታዳሽ ኃይልና ሃይድሮጅን ሲወራ ግን ይኸው ሐሳብ እንዳለ ይገለበጣል፦ የፀሐይንና የነፋስን ኃይል በሃይድሮጅን እናስቀምጥና በኋላ መብራት እናድርገው የሚል። በዚህ አልስማማም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት 50 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ያንኑ ኪሎ በፊዩል ሴል፣ ማለትም ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር መሣሪያ፣ መልሰን ኤሌክትሪክ ብናደርገው 16 ወይም 17 ኪሎዋት ሰዓት ብናገኝ ነው። ሦስት ጣሳ ጤፍ ወፍጮ ቤት ወስዶ አንድ ጣሳ ዱቄት ይዞ መመለስ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ግድብ አለን። የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ በበጋ፣ ልክ ወንዞቻችን በሚቀንሱበት ወቅት ይበረታል። ያን ጊዜ ግድቡ ላይ ተርባይን ቀነስ አድርጎ ውሃውን ማቆየት ይቻላል። ሐይቁ ራሱ ማከማቻችን ነው፤ ሦስት ሰጥተን አንድ አንቀበልበትም።

ታዲያ ሃይድሮጅን አያስፈልገንም ማለቴ ነው? በፍጹም። ሰኔ ሲገባ ገበሬው ማዳበሪያ መጣ አልመጣ እያለ ከቀበሌ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ቀበሌ ይመላለሳል። ያቺ ነጭ ፍሬ ዩሪያ ዋነኛ ግብአቷ አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ነው። እኛ ግን በዶላር ገዝተን፣ በመርከብ አምጥተን፣ ከጅቡቲ በመኪና እናስጭናለን። ግብፅ ግን በዚያው በዓባይ ውሃ ኃይል፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አስዋን ላይ በኪማ ፋብሪካ ውሃ እየሰነጠቀች የናይትሬት ማዳበሪያ ትሠራ ነበር። ይህ ታሪክ በየዩኒቨርሲቲያችን ሊነገር ይገባ ነበር።

በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ከናይጄሪያው ኩባንያ ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ነው። እሰየው፣ ይሠራ። ጋዝ ግን አንድ ቀን ያልቃል፤ ወንዝ ግን በየክረምቱ ይመለሳል። 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ብዙ ወገናችን አምፖል ሳያይ፣ ኃይል ለቢትኮይን ማሽኖች እየሸጥን ነው። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ወደ ማዳበሪያ ቢዞር ምነው?

ተመራማሪዎቻችን ላይ የምጥለው ጥያቄም ይኸው ነው። ውሃን በኤሌክትሪክ የሚሰነጥቀው መሣሪያ፣ ኤሌክትሮላይዘር፣ ውድ ነው፤ በክረምት ብቻ ሠርቶ በጋውን ሙሉ ቆሞ ቢከርም ዕዳው አይቆምም። በዓመት ስንት ሰዓት ቢሠራ፣ ኃይሉም በስንት ብር ቢሸጥለት ነው የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ ከጅቡቲው የሚያንሰው? ይህን ቁጥር ግድባችንን፣ ነፋሳችንንና ማሳችንን ይዞ የሚያሰላልን ጥናት ነው የምፈልገው።