ሌዲ አን ባርናርድ የገዥ ሚስት አልነበሩም

«ሌዲ አን ባርናርድ የኬፕ ቅኝ ግዛት እንግሊዛዊ ገዥ ባለቤት ነበሩ፤ ማዕረጋቸውንም ያገኙት ከባላቸው ነው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ሌዲ አን በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ በነበረው በዚህ ቅኝ ግዛት የኖሩና ስለ እሱ ደብዳቤዎች የጻፉ ሴት ናቸው። ስህተቱ ሊገባ የሚችል ነው፤ ግን ሁለቱም ነጥቦች ትክክል አይደሉም።

ባለቤታቸው አንድሩ ባርናርድ የቅኝ ግዛቱ ጸሐፊ እንጂ ገዥ አልነበሩም። በ1797 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኬፕ ታውን የገቡት ገዥ ሎርድ ማካርትኒ ነበሩ። የማካርትኒ ባለቤት አብረዋቸው ስላልመጡ፣ የአስተዳደሩ መቀመጫ በነበረው የኬፕ ታውን ምሽግ ውስጥ እንግዳ የመቀበሉና ግብዣ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በሌዲ አን ላይ ወደቀ። ግርታው የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለማጣራት የገዥዎቹን ዝርዝር ማየት ይበቃል፦ ማካርትኒ፣ ቀጥሎ በተጠባባቂነት ፍራንሲስ ዳንዳስ፣ ከዚያ ሰር ጆርጅ ያንግ፣ ከእሳቸው በኋላ እንደገና ዳንዳስ። ባርናርድ የሚባል የለም። ማዕረጉም ቢሆን የትውልድ ነው፤ አባታቸው አምስተኛው የባልካረስ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጄምስ ሊንድሴ ናቸው። የኧርል ልጅ «ሌዲ» የሚለውን ከራሷ ስም ጋር ትይዛለች። ከባል የመጣ ቢሆን ኖሮ «ሌዲ ባርናርድ» ብቻ ይባሉ ነበር።

ነገሩ ተራ የስም ጉዳይ አይደለም። ለእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር ለሄንሪ ዳንዳስ የጻፏቸው ደብዳቤዎች የቆየ ወዳጅነት ያላቸው ሰዎች የግል ጽሑፎች ናቸው። የገዥ ሚስት ናቸው ብሎ የሚያነብ ሰው ስለ ባሪያ አሳዳሪዎችም ሆነ ስለ ደች ሰፋሪዎች የሰጡትን አስተያየት የአስተዳደሩ አቋም አድርጎ ይጠቅሰዋል።