የመርከብ ሞተር ክፍል ጎንደር ላይ ቢከፈትስ?

ጎንደር ከባሕር ሩቅ ናት። መርከብ ላይ የመሥራት ጉጉት ግን እዚህም ሞልቷል። ፒያሳ አካባቢ ከምህንድስና ተመራቂዎች ጋር ቡና የጠጣ ሰው "ማሪታይም መቼ ነው የሚመዘግበው?" የሚለውን ጥያቄ መስማቱ አይቀርም። መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ማሪታይም የሚሉት፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ፣ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል የተመረቁ ልጆችን ተቀብሎ ለውጭ መርከቦች ያበቃል።

እኔ የምለው፣ ልጆቹ ምዝገባ እየጠበቁ ከሚቀመጡ እዚሁ በኮምፒውተር ይዘጋጁ ነው።

የሞተር ክፍል ሲሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። ፓምፑ፣ ቫልቩ፣ የነዳጅ ታንከሩ፣ ጀነሬተሩ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነው። አሠልጣኙ ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ የዘይቱን ግፊት ያወርዳል። አላርሙ ይጮኻል። ጀነሬተሩ ይቆማል፤ መርከቡ ይጨልማል። ተማሪው ተጠባባቂውን ጀነሬተር አስነሥቶ፣ ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን አይቶ፣ ብሬከሩን ዘግቶ ኃይሉን ከመርከቡ መስመር ጋር ያገናኛል። ከዚያ ፓምፖቹን በቅደም ተከተል ይመልሳል። ቸኩሎ ሁሉንም ባንዴ ካስነሣ ጭነቱ ይበዛና ጀነሬተሩ መልሶ ይወድቃል። ማንም አይጎዳም። አሠልጣኙ ቅጂውን አጫውቶ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ያሳየዋል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በመጋቢት 2016 ዳሊ የተባለችው የጭነት መርከብ ኃይል ተቋርጦባት አሜሪካ ውስጥ የባልቲሞርን ድልድይ ገጭታ ስትጥል፣ ድልድዩ ላይ ይሠሩ የነበሩ 6 ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለው ጨለማ ለወጣቱ መሐንዲስ መጀመሪያ ስክሪን ላይ ቢያጋጥመው ይሻላል።

ሲሙሌተር ግን ባሕርን አይተካም። የሞተር ክፍሉን ሙቀትና ጩኸት ስክሪን አያሳይም። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነትም መኮንን መሐንዲስ ለመሆን የወርክሾፕ ልምምድና የመርከብ አገልግሎት ተደምረው ቢያንስ 12 ወር እንዲሆኑ ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ በሞተር ክፍል ተረኝነት የሚያልፍ ነው። "ኦንላይን ተማርና መርከበኛ ሁን" የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን አትስጡት።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን ቢጀምር ደስ ይለኛል። አንድ የኮምፒውተር ክፍል፣ የፕሮግራሙ ፈቃድና መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጀነሬተር ለመነሻ ይበቃል። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ከተያያዙ የኢንተርኔት መቆራረጥ ትምህርቱን አያስቆመውም። አሠልጣኝም አይጠፋም፤ ኮንትራት ጨርሰው ለእረፍት አገር ቤት የሚመጡ መርከበኞች አሉ። ተገቢው አበል ተከፍሏቸው ቅዳሜና እሑድ ያስተምሩ። በሩም ሥራ ፈትተው ለተቀመጡት ተመራቂዎች ጭምር ይከፈት።