«ደርቋል» የተባለው አጥንት ላም ይገድላል

«በድኑ እኮ ደርቋል፤ የተረፈውን ጅብና ጥንብ አንሳ ይጨርሱታል።» በድርቁ ላለቁት ከብቶች መቅበሪያ ሲጠየቅ ሰሞኑን በአንድ የወረዳ ስብሰባ የተሰጠው መልስ ይህ ነው። ቁፋሮውም ቀረ።

አደጋው ቦቱሊዝም ነው፤ በብስባሽ ሥጋ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በሚያመርተው መርዝ የሚመጣ፣ ሽባ አድርጎ የሚገድል በሽታ። ጥንብ አንሳ ይህን መርዝ በእጅጉ የሚቋቋም ወፍ ነው፤ ሥጋውን ቦጭቆ አጥንቱን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ጅብ ደግሞ ቁርጥራጩን እየጎተተ ግጦሹ ላይ ይበትነዋል። ይጨርሱታል የተባሉት ናቸው አደጋውን የሚያዳርሱት።

«ደርቋል» ማለት ግን ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ባክቴሪያው አየር በማያገኘው ብስባሽ ሥጋ ውስጥ መርዙን ያመርታል። ሥጋው ሲደርቅ መርዙ አጥንት ላይ በቀረው ጅማት ውስጥ ይቆያል፤ ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር ሆኖ የሚቆየው የባክቴሪያው ቅርጽ፣ አፈር ውስጥ ዓመታት ይከርማል። በድርቅ የተመታ ሣር ፎስፈረስ፣ ማለትም በአጥንት ውስጥ በብዛት ያለው ማዕድን፣ ያንሰዋል፤ ፎስፈረስ የጎደላት ላም አጥንት ፈልጋ ታኝካለች። ቀድማ የምታኝከውም የምትታለበውና ያረገዘችው ናት፤ ወተቱና ጽንሱ ፎስፈረሷን ይጨርሱባታልና። አሞሌ ብትልስ አይተካላትም። የእንስሳት ሐኪሙ አርኖልድ ታይለር በደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ካሳየ 100 ዓመት ሆኖታል፤ ላሞቹ የአጥንት ዱቄት ሲመገቡ አጥንት ማኘኩን ተዉ። የ100 ዓመት እውቀት እያለ በቦረና ከ2014 እና 2015 ዓ.ም. ድርቅ የተረፈችን ላም ለአጥንት አሳልፎ መስጠት ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው።

የተመረዘች ላም የኋላ እግሯ ይብረከረካል፣ ምላሷ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅታታል፤ በመጨረሻ መተንፈስ አቅቷት ትሞታለች። ትኩሳት የለም፤ ሆዷ ቢከፈት ቁስል አይታይም። ስለዚህ «ረሃብ» ተብሎ ይታለፋል። ፔኒሲሊን መርዙን አያከሽፍም። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲህ ስለሚያደርግ አፏ ውስጥ እጅ አይግባ።

ቁፋሮ ነዳጅ ይፈጃል፣ እሺ። ግን ከጉድጓድ ውኃና ከኩሬ ርቆ፣ ከበድኑ በላይ ቢያንስ 1 ሜትር አፈር የሚመለስበት ጥልቀት ይበቃል። መቆፈር ካልተቻለ አጥንቱ ተለቅሞ ይቃጠል፤ እስከዚያው በእሾህ ይታጠር። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ደም የወጣ በድን ግን አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በፍጹም አይከፈት። ከብት ለሚገድሉት ሲ እና ዲ ለተባሉት የቦቱሊዝም ዓይነቶች ክትባትም አለ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ዝናብ ብስባሹን አጥቦ ኩሬ ውስጥ ሳይከተው ቆፋሪ ማሽኑ ይላክ።