ድንኳን ሲተከል ደመወዝ አይጠየቅም

እድር ያለው ሰው ያውቀዋል። ሀዘን ከደረሰ ድንኳኑ ይተከላል፣ ብሩ ይሰጣል፣ አለቀ። «ልጅህ አሜሪካ ናት አይደል? አንተማ ሀብታም ነህ፣ ይቅርብህ» የሚል የእድር ዳኛ አላየሁም። የዓለም የልማት እርዳታ ግን የሚለው ይህንኑ ነው።

ባርቡዳን እንይ። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ለጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ከአንቲጓ ጋር አንድ አገር ሆና ትኖራለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 ሌሊት ኢርማ የተባለው ሄሪኬን፣ ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ መታት። ሲነጋ አብዛኛው ቤት ፈርሷል ወይ ጣሪያ የለውም። አንድ ሕፃን ሞቷል። ከኋላ ደግሞ ሆሴ የሚባል ሌላ ሄሪኬን እየመጣ ነበር። ስለዚህ 1,800 የሚሆነው ሕዝብ ጓዙን ጥሎ ወደ አንቲጓ ተሻገረ። የቀሩት ውሾችና ከብቶች ናቸው። ደሴቲቱ ወደ 300 ዓመት ገደማ ሰው ሳይለያት ኖራ ያን ሰሞን ባዶዋን ቀረች።

የአገሪቱ ጉዳት 136 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። መልሶ ለማቋቋም ደግሞ 222 ሚሊዮን ያስፈልጋል ተባለ።

ከዚያስ? በ2022 መጀመሪያ አንቲጓና ባርቡዳ ይፋዊ የልማት እርዳታ ከሚያገኙ አገሮች ዝርዝር ተሰረዘች። ሀብታም ሆናለች ተብሎ! ዝርዝሩን የሚያወጣው የሀብታም አገሮች ማኅበር፣ የኦኢሲዲ፣ ደንብ እንዲህ ነው፤ የነፍስ ወከፍ ገቢህ ሦስት ዓመት በተከታታይ የከፍተኛ ገቢ አገሮችን መስፈርት ካለፈ ትወጣለህ። መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር ጥቂት ቅንጡ ሆቴሎች አማካዩን ሰማይ ይሰቅሉታል። ባርቡዳ ላይ ሎብስተር ለሚያጠምደው ሰው ግን ያ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ካሪቢያኖቹ የራሳቸው እድር አላቸው ማለት ይቻላል። ከ2007 ጀምሮ እያዋጡ የሚጠቀሙበት የአደጋ መድን ፈንድ ነው። በ14 ቀን ውስጥ ይከፍላል፣ ና ተመለስ የለም። ለኢርማ ለአንቲጓና ባርቡዳ የከፈለው ግን ወደ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ136ቱ ጋር አስተያዩት። ሀብታሞቹ አገሮች ፈንዱ ሲቋቋም አዋጥተዋል፣ አይካድም። ዓመታዊውን መዋጮ የሚከፍሉት ግን ደሴቶቹ ናቸው። የአየር ንብረቱን ያናጋው ጭስ ከማን ቤት እንደወጣ እየታወቀ!

ሁሉን በለጋሾች ማላከክም አይሆንም። የባርቡዳ መሬት የወል ነበር። ሕዝቡ ገና አንቲጓ ተጠልሎ ሳለ መንግሥት የመሬት ሕጉን ወደ ግል ይዞታ ሊቀይር ተነሳ፤ የአዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራም ተጀመረ። ልማት ነው ተባለ። ሰዉ የሚጠብቀው ቆርቆሮ፣ ቀድሞ የደረሰው ማኮብኮቢያ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ከገቢ ባሻገር ተጋላጭነትን የሚለካ መስፈርት አጽድቋል። ጥሩ ነው። ግን አበዳሪም ለጋሽም እንዲጠቀምበት አይገደድም፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። እኔ የምለው፣ ዝርዝሩን የሚያወጡት ሰዎች አንድ አገር ከመሰረዛቸው በፊት ይህን መለኪያ የማየት ግዴታ ይኑርባቸው። በ2027 የአየር ንብረት ጉባኤው፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ይመጣል። የኛ ሰዎች ስለ ድርቅ እንደሚያነሱ አልጠራጠርም። እኛ ገና ዝርዝሩ ላይ ነን። የተሰረዙትን ደሴቶች ጉዳይም አብረው ቢይዙላቸው፣ እንግዳ ተቀባይነታችን ከቡናው ያለፈ ይሆን ነበር።