እርማት፦ «የተማረ ይደግፋል፣ ያልተማረ ይቃወማል» የሚለው አባባል ልክ አይደለም

አንድ ጸሐፊ «በአሜሪካ ፅንስ ማቋረጥን የሚደግፉት የተማሩት፣ የሚቃወሙት ያልተማሩት ናቸው» ያሉት ብዙዎች የሚደጋግሙት አባባል ቢሆንም መታረም ይገባዋል።

መነሻው ከእውነት የራቀ እንዳልሆነ አልክድም፤ የፒው የምርምር ማዕከል በየጊዜው በሚያካሂዳቸው የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ትምህርታቸው በሁለተኛ ደረጃ ከተገታው ይልቅ ሕጋዊነቱን በብዛት ይደግፋሉ። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት ከሁለተኛ ደረጃ ካላለፉትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደጋፊዎች ናቸው፤ ልዩነቱ የመጠን እንጂ የጎራ አይደለም።

የካንሳስን ሕዝበ ውሳኔ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ፅንስ የማቋረጥ መብትን ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ጥበቃ ለማውጣት የቀረበውን ማሻሻያ 59 በመቶ ያህሉ መራጭ ውድቅ አድርጎታል፤ በዚያች ግዛት ግን የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለው ጎልማሳ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ በመጠኑ የተማረ መሆኑን ብንቀበል እንኳ፣ ይህን ውጤት ምሩቃን ብቻቸውን ሊያመጡት አይችሉም። በሌላ በኩል፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ ሕጋዊ ያደረገውን የ1973ቱን የሮ እና ዌድ ውሳኔ የሻረውን ፍርድ የጻፉት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የፕሪንስተንና የዬል ምሩቅ ናቸው፤ እርሳቸውን ያልተማሩ የሚል ይኖራል ብዬ አላስብም።

ከትምህርት ደረጃ ይልቅ አጥብቀው የሚለዩት ሃይማኖትና የፓርቲ ወገንተኝነት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን አዘውትሮ የሚሄድ ወንጌላዊ ዲግሪ ስለጫነ ብቻ አቋሙ ይለሰልሳል ማለት አይቻልም።