የድመቷ በር የት ይሁን?

ጓደኛዬና ባለቤቱ ድመት አለቻቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በር ትቧጭራለች። ተነስተው ሲከፍቱላት ደፉ ላይ ቆማ ጨለማውን ታያለች፣ ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ ትመለሳለች። ሲማረሩ ከርመው የድመት መግቢያ ለማስገጠም ወሰኑ። ክዳኑን በራሷ ገፍታ የምትወጣበት፣ ገፍታ የምትገባበት ትንሽ በር ማለት ነው። የት ይገጠም የሚለው ላይ ግን ተጣሉ።

እሱ «ዋናው በር ላይ» አለ። «እንጨት ነው፤ ቶሎ ተቆርጦ ያልቃል።»

«ያን የመሰለ በር ልትበሳ? የሳሎኑ መስታወት በር እያለ?»

አናጢው ወንድሟ ሳቀ። «እህቴ፣ እሱ እኮ በሙቀት የጠነከረ መስታወት ነው። አይቆረጥም። መሣሪያ ሲነካው ብትንትኑ ይወጣል። ከመጠንከሩ በፊት የተበሳ አዲስ ማዘዝ ነው ያለሽ አማራጭ።»

«ግድግዳውስ?» አለ ባልየው።

«ይሆናል፤ መሿለኪያ ይሠራለታል። ውስጡ ገመድ ወይም ቧንቧ ካለ ግን ጣጣ ነው።»

ወደ ዋናው በር ተመለሱ። ወንድምየው ድመቷን አቁሞ ከወለል እስከ ሆዷ ሊለካ ሞከረ። እሷ ሜትሩን መጫወቻ አድርጋ ነከሰችው። እንደምንም 15 ሳንቲሜትር ገደማ አገኘ፤ የክዳኑ ታችኛ ጠርዝ ከዚያ ብዙም መብለጥ የለበትም። በሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተኛና ትከሻውን ምልክቱ ጋ አስጠግቶ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ጣቱ ቁልፉን ነካ፤ ሌባም በቀዳዳው እጁን ሰዶ ሊከፍተው ይችላል ማለት ነው።

ዝም ተባለ። ዋናው በር በዚሁ ቀረ።

ሚስትየው «በቃ የወጥ ቤቱ በር ይሁን፤ ሳህኗም እዚያው ነው» አለች።

ጎረቤታቸው እስካሁን ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። «ልጄ፣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተጋብዣለሁ ብሎ እንዲመጣ ነው? እሷም እየበላች በሩን በሩን ማየቷ ነው።»

ባልየው ቺፕ (ከእንስሳ ቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መለያ) የሚያነበው ዓይነት ይገዛ አለ። ከቆዳዋ ሥር ያለውን ቺፕ አንብቦ ለእሷ ብቻ ይከፍታል። ጥሩ ነው። ግን ባዕድ ድመት ባይገባም ደጅ ቁጭ ብሎ መጠበቁን አይተውም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ሲከራከሩ ሁሉም የሚያዩት ከውስጥ ነው። ተነስቼ ወጣሁና ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ተንበረከክሁ። (ጎረቤትየዋ ምን ነካው ብለው ሳይሆን አይቀርም።) ራቁቱን የቀረ ሲሚንቶ ነው። ከፊት ለፊት አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ አንድ ወፍራም ወንድ ድመት ተጋድሞ ቁልቁል ያየኛል። ክዳኑን ገፍታ ጭንቅላቷን ስታወጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ውጭ ግን ቁጥቋጦና የአበባ ማሰሮ አለ። ተጠግታ ግራ ቀኙን አይታ መውጣት ትችላለች። አይጥ ይዛ ብትገባም ክፍሉን ዘግተው ማደር ነው። ችግሩ ውጭው ከውስጡ ዝቅ ይላል፤ ስትመለስ እንዳትዘል አንድ ደረጃ ይሠራላት። እኔ እዚያ ነው የምለው፤ ሳህኗ ደግሞ ካለበት አይንቀሳቀስ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ክዳኑን ከፍ አድርገው በፕላስተር ይለጥፉላት፤ ቀዳዳውን ከለመደችው በኋላ መግፋቱን ትማራለች።

ባልየው አሁንም ዋናው በር ይቀል ነበር ይላል።