ማስተካከያ፦ ሴሊን ቡቲዬ የመጀመሪያዋ አይደለችም

ባለፈው ስለ ፈረንሳዊቷ ጎልፍ ተጫዋች ሴሊን ቡቲዬ ስጽፍ «ሜጀር (ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን) ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ሦስተኛዋ ናት።

ከሷ በፊት ፓትሪሺያ ሙኒዬ ለቡክ በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሜጀር የነበረውን የክራፍት ናቢስኮን ዋንጫ ወስዳለች፤ ያውም በዘመኑ ማንም የማይደፍራትን አኒካ ሶረንስታምን በአንድ ምት ቀድማ! ከሁሉም በፊት ደግሞ ካትሪን ላኮስት አለች። የቴኒሱ የሬኔ ላኮስት ልጅ ናት፣ አዎ፣ አዞ ያለበትን ሸሚዝ የፈጠረው ሰውዬ። በ1967 የሴቶች ጎልፍ የአሜሪካን ኦፕን ስታሸንፍ ገና 22 ዓመቷ ነበር። ፕሮፌሽናል አልነበረችም፣ በኋላም አልሆነችም። ያንን ውድድር አማተር ሆና ያሸነፈች ሴት እስካሁን እሷ ብቻ ናት፣ እና እንዲህ ዓይነቷን ሴት መርሳቴ በጣም ነው የቆጨኝ።

ታዲያ ቡቲዬ የመጀመሪያ የሆነችው በምንድን ነው? ከሜጀሮቹ አንዱ በሆነው በኤቪያን ሻምፒዮና። በ2023 እዚያው አገሯ፣ ኤቪያን ሌ ባ ላይ፣ ተከታይዋን በስድስት ምት ርቃ ስታሸንፍ ያንን ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊት ሆነች።

አንድ ሌላ ነገር። በዚያ ዓመት በኤልፒጂኤ (በሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድሮች) «ሁለቴ አሸነፈች» ያልኩትም ልክ አይደለም፣ አራቴ ነው። በመጋቢት አሪዞና፣ በሐምሌ ኤቪያን፣ በሳምንቱ ስኮትላንድ። አራተኛው ማሌዥያ ላይ ነው፤ ከታይላንዷ አታያ ቲቲኩል ጋር እኩል ወጥተው፣ መለያው ዘጠኝ ጉድጓድ ድረስ ሄዶ ነው ያሸነፈቻት።